ቤት ሲታደስ ኃይል የሚያባክኑ ስህተቶች

ቤት አዳሽ ስለ ኃይል ቁጠባ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚቀናው ዕቃ መምረጥ ነው፤ የትኛው መስኮት፣ የትኛው ኤሲ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግድ ንጣፍ)። ዕቃው ግን ብዙም አያጣላም። ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ምርት በአግባቡ ከተገጠመ ሥራውን ይሠራል። ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አለማወቅ ነው።

ቀዳዳ ሳይደፍኑ ኢንሱሌሽን ማንጠፍ

ከሁሉም በላይ የተለመደው ይኸው ነው። ከመስታወት ቃጫ የተሠራው ኢንሱሌሽን፣ ፋይበርግላስ፣ ሙቀትን የሚገታው በቃጫዎቹ መካከል አየር አፍኖ በመያዝ ነው፤ ነፋስ በውስጡ ካለፈ ግን ከማጣሪያነት አይዘልም። ከኮርኒስ በላይ ለዓመታት የተነጠፈ ፋይበርግላስ ገለጥ ብታደርጉ እዚህም እዚያም አቧራ ጠጥቶ የጠቆረ ቦታ ታያላችሁ። ከሥሩ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ታገኛላችሁ።

ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ አይደሉም። በርና መስኮት ላይ ጎማ ሲለጠፍ ይዋልና፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ላይ የሚያልፍበት ክፍተት፣ የኮርኒስ መውጫው ክዳንና ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ መብራቶች ዙሪያ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። ቤት በሚሞቅበት ወቅት ሞቃቱ አየር በእነዚህ ሲወጣ ከታች ቀዝቃዛውን ይስባል፤ ስለዚህ ድፈናው ከላይ ይጀመር። በግምት ከመሥራት ብሎወር ዶር የሚባለውን መፈተሻ መጠቀም ይሻላል፦ በር ላይ የሚገጠመው ማራገቢያ በውስጥና በውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ሲፈጥር፣ ብዙው ቀዳዳ እጅ በማስጠጋት ብቻ ይታወቃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኢንሱሌሽን እንዲነካው ተደርጎ ያልተሠራ የቆየ መብራት ላይ ኢንሱሌሽን መጫን እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መብራቱ አስቀድሞ ይቀየር።

ጠቅጥቆ ማስገባት

ለ14 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የተሠራ ፋይበርግላስ 9 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከተጠቀጠቀ፣ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ያህል አይከላከልም። የሚያብረቀርቅ ፎይልም የራሱ ጣጣ አለው፤ ፊቱ ላይ ክፍት አየር ከሌለ ሙቀት አይመልስም። በሁለት ነገሮች መካከል ተጣብቆ የተቸነከረ ፎይል ከተራ ላስቲክ አይሻልም።

ላስቲኩን በልማድ መዘርጋት

እርጥበት የያዘ ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ እንፋሎት የሚያግደው ላስቲክ ቦታው ሞቃቱ ወገን ነው። ብርድ በሚበዛበት አካባቢ ይህ የግድግዳው ውስጠኛ ፊት ሲሆን፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበትና ቤቱ በኤሲ በሚቀዘቅዝበት አካባቢ ግን ውጪኛው ነው። አንዱ ቦታ የተማሩትን ሌላው ቦታ ወስዶ መድገም ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሳል። በሞቃትና እርጥብ አካባቢ ከውስጥ የተለጠፈ የፕላስቲክ ግድግዳ ወረቀትም ያንኑ ጥፋት ይሠራል፤ ሲላጥ ጀርባው በሻጋታ ጠቁሮ ይገኛል። «ለማንኛውም» ተብሎ በሁለቱም ወገን ላስቲክ ማድረግ ከሁሉ ይብሳል፣ ምክንያቱም አንዴ የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል።

ሁሉን ትቶ መስኮት መቀየር

ደንበኛ መስኮት ይወዳል፤ አዲስነቱ ይታያላ! ባለ አንድ መስታወት ወደ ባለ ሁለት ሲቀየር በመስታወቱ የሚያልፈው ሙቀት በግማሽ ገደማ መቀነሱም እውነት ነው። ዋጋው ግን ከድፈናና ከኮርኒስ ኢንሱሌሽን እጅግ ይበልጣል፤ ያወጣውን ለመመለስም ዓመታት ይፈጃል። አሳዛኙ ነገር ውድ መስኮት ተገጥሞ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት በልስን ብቻ ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። በፎም ይሞላ። ፀሐይ የሚበረታበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከመስታወቱ በፊት ከውጭ የሚደረግ ጥላ ይታሰብ።

የብረት ኮለን መካከል ብቻ መሙላት

ብረት ከእንጨት ይልቅ በመቶዎች እጥፍ ሙቀት ያሳልፋል። በኮለኖቹ፣ ማለትም በግድግዳው ቋሚ ብረቶች፣ መካከል የተሞላው ኢንሱሌሽን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሙቀቱ በብረቱ ይሻገራል፤ ከውጭ በኩል ሳይቋረጥ የሚሸፍን ኢንሱሌሽን ያስፈልጋል።

«እንዳይጎድል» ብሎ ትልቅ ኤሲ መትከል

ከልክ በላይ ጉልበት ያለው ኤሲ አየሩን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይነሳል። እርጥበት ለማውጣት ግን ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። ክፍሉ ቀዝቅዞም ይወብቃል፤ ደንበኛውም ዲግሪውን ይበልጥ ያወርዳል። «ካሬውን በዚህ አባዛው» የሚለው ስሌት እዚህ አያዋጣም። ኤሲው ሊያወጣው የሚገባው ሙቀት የሚሰላው ድፈናው፣ ኢንሱሌሽኑና መስኮቱ ካለቀ በኋላ በሚኖረው ቤት ነው።

አሽጎ መሄድ

በደንብ የተደፈነ ቤት አየር በራሱ አያገኝም፤ የኩሽናና የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ይፈልጋል፣ ጡቦውም እስከ ውጭ መድረስ አለበት። ከኮርኒስ በላይ ተለቅቆ የቀረ ጡቦ የሻወሩን እንፋሎት ጣሪያው እንጨት ላይ ነው የሚያራግፈው።

ለሕይወት የሚያሰጋው ግን የጭስ ማውጫ ያለው የቆየ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ነው። ማራገቢያዎቹ አየር ሲስቡ የማሞቂያው ጭስ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል፣ ከእሱም ጋር ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሥራው ሲያልቅ የውጭ በርና መስኮቱን ሁሉ ዝጉ፣ ማራገቢያዎቹን በሙሉ አብሩ፣ ማሞቂያውን አስነሱና የሚጨስ ነገር ወደ ጭስ ማውጫው አፍ አስጠጉ። ጭሱ ወደ ላይ ካልተሳበ ማሞቂያው ይጥፋ፤ አየሩን ከውጭ በራሱ ጡቦ የሚስብ ዝግ ማሞቂያ ወይም ሌላ አስተማማኝ መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ ርክክብ አይፈረምም።