ኢሜይል ሲጽፉ፦ ከርዕሱ እስከ አባሪው

ለምሳሌ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ትራንስክሪፕት ሊጠይቁ ነው እንበል። የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ይሙሉት፤ መላኪያውን በስህተት ቢነኩት እንኳ ያላለቀው ደብዳቤ አይሄድም። አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ወይ ተመልሶ ይመጣል፣ ወይ ይባስ ብሎ ሌላ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ርዕሱ ላይ «ሰላም» ወይም «አስቸኳይ» ብሎ መጻፍ ባዶ ከመተው አይሻልም። «የትራንስክሪፕት ጥያቄ፦ ሲቪል ምህንድስና፣ የ2012 ዓ.ም. ተመራቂ» ቢሉ ግን ሠራተኛው ሳይከፍተው ጉዳዩን ያውቃል። ሰላምታ አንድ መስመር ይበቃዋል። ወዲያው የሚፈልጉትን ይግለጹ፣ ከዚያ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አባሪው ነው። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ብቻ ያያይዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ፋይሉን በጎግል ድራይቭ (የጎግል የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ሊንክ ይተካዋል፣ ተቀባዩም ፈቃድ ካልተሰጠው ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ በስልክ ያነሷቸውን ገጾች መጠናቸውን ቀንሰው አንድ ፒዲኤፍ ያድርጓቸው፤ ፋይሉንም በስምዎ ይሰይሙት።

ሲሲ (CC፣ ግልባጭ የሚላክላቸው ቦታ) ውስጥ ያስገቡትን አድራሻ ሁሉም ተቀባይ ያየዋል፤ ቢሲሲ (BCC፣ ስውር ግልባጭ) ውስጥ ያለውን ግን ሌሎቹ አያዩትም።

ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት ከላኩ ገጹን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ከአካውንትዎ ይውጡ፣ ዴስክቶፑ ላይ የቀረውንም ፒዲኤፍ ያጥፉ።