ጋፑ አልዘጋ ሲላችሁ፦ የማዮራና ናኖዋየር ሲሙሌሽን ችግርና መፍትሄ

ማዮራና ናኖዋየር ሱፐርኮንዳክተር የተጠጋው ቀጭን የሴሚኮንዳክተር ሽቦ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ዜሮ ኢነርጂ ያላቸው የማዮራና ሞዶች ይጠበቃሉ። ጋፑ ከዜሮ እስከ ትንሹ ኢነርጂ ያለው ክፍተት ሲሆን፣ ፊልዱ ሲጨምር ተዘግቶ መከፈት አለበት። የሲሙሌሽኑ ኮድ ይሮጣል፣ ማትሪክሱም ሄርሚሺያን ነው። ይህን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ማግኔቲክ ፊልዱ ቢጨምርም ጋፑ አይዘጋም።
ከደሴም ከኮምቦልቻም የማስተርስ ልጆች ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡት ባብዛኛው በዚህ ነው። ፊልዱን ከዴልታ (ሱፐርኮንዳክተሩ ኤሌክትሮኖችን ከሚያጣምርበት የፔሪንግ ጥንካሬ) አሳልፈው ይጨምራሉ፤ ጋፑ ዴልታ ላይ ድርቅ! ከዚያ ስፒን-ኦርቢቱን (የኤሌክትሮኑን የስፒንና የእንቅስቃሴ ትስስር) ይወነጅላሉ። ጥንካሬውን፣ አልፋን፣ ይነካካሉ፣ ሽቦውን ያስረዝማሉ፣ መብራት እስኪጠፋ ላፕቶፑ ሲግል ያመሻል። አልፋ ምን አደረገ?

ጥፋቱ በማትሪክሱ የሆል (የኤሌክትሮን ጉድለት) ክፍል ያለው የፊልዱ ምልክት፣ ፕላስ ወይም ማይነስ፣ ነው። አጻጻፉ ሁለት ዓይነት ነው (ሲግማ የስፒን፣ ታው የኤሌክትሮንና የሆል የፓውሊ ማትሪክሶች ናቸው)። ፔሪንጉን በታው ኤክስ ከጻፋችሁ ፊልዱ ሲግማ ኤክስ ብቻውን ይገባል። ፔሪንጉን በሲግማ ዋይ ታው ዋይ ከጻፋችሁ ግን ፊልዱ ላይ ታው ዜድ ይጨመራል። በሲግማ ዋይ የተጻፈ ስፒን-ኦርቢት በሁለቱም አንድ ስለሆነ ማንም አይነቃም። ከቀደመው ባች በፍላሽ የወረሳችሁት ኮድ ደግሞ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ቀድቷል። ኢነርጂዎቹ ከዜሮ በላይና በታች እኩል ስለሚወጡ የለመዳችሁት ቼክ አይዘውም።

የሚይዘው ይሄ ነው። ሽቦውን ተዉት። ሞመንተምና ኬሚካል ፖቴንሻል ዜሮ፣ ዴልታ 0.25፣ ዜማን (ፊልዱ ለስፒኑ የሚሰጠው ኢነርጂ) 0.6 ሚሊ ኤሌክትሮንቮልት አድርጋችሁ ባለ 4 በ4 ማትሪክሷን ፍቱ። ከዜሮ በላይ ትንሹ ኢነርጂ 0.35 ከሆነ ደህና ነው፤ ዜማንና ዴልታ ተቀናንሰዋል። 0.65 ከሆነ በካሬ ተደምረዋል፤ ይህ ጋፕ እስከ ምጽአት አይዘጋም። አንዱ ልጅ "የአልፋ ጥንካሬ ውጤት" ብሎ ምዕራፍ ሙሉ ጽፎበት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መጣ። አንዲት ታው ዜድ ሰረዝን፤ ምዕራፉም አብሮ ሄደ።

ጋፑ ተዘግቶ አልከፈትም ካለ፦ ፊልዱ ከራሽባው (ከስፒን-ኦርቢቱ) አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኗል። በሽቦው ርዝመት አዙሩት።

ትንሹ ኢነርጂ ዜሮ ዙሪያ ከተወዛወዘ፦ ሽቦው አጭር ነው፤ የሁለቱ ጫፍ ሞዶች ተነካክተዋል።

ፊልዱ ጋፑ የሚዘጋበት ገደብ ሳይደርስ ኢነርጂው ዜሮ ላይ ከተቀመጠ፦ ገደቡ የዴልታና የኬሚካል ፖቴንሻል ካሬዎች ድምር ስኩዌር ሩት ነው። ከዚያ በታች የመጣው ዜሮ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ቀስ እያለ የሚቀየር ፖቴንሻል የወለደው ተራ የአንድሬቭ ሞድ (ማዮራና ያልሆነ፣ ሱፐርኮንዳክተር አጠገብ የሚፈጠር ሞድ) ነው። አደራ፣ "ማዮራና አገኘሁ" ብላችሁ እንዳትጽፉ! እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን የዴልፍት (ኔዘርላንድስ) የማዮራና ጽሑፍ እንኳ ደራሲዎቹ በ2021 ከመጽሔቱ ስበው አንስተውታል።

ሁሉም ነገር በግማሽ ፊልድ ከተከሰተ፦ ሽቦው የሚሠራበት የኢንዲየም አንቲሞናይድ ጂ ፋክተር (ፊልዱ ስፒኑን የሚነካበት ጥንካሬ) ወደ 50 ነው። በ1 ቴስላ ዜማኑ 1.45 ሚሊ ኤሌክትሮንቮልት ግድም ይሆናል። 2.9 ካያችሁ ለ2 ማካፈሉን ዘላችኋል።