የፒሲቲ ደንብ ሲቀየር፦ ከሰኔ 24 በፊት የሚያልቅ ሥራ

የፒሲቲ፣ ማለትም በአንድ ማመልከቻ በብዙ አገሮች ፓተንት ለመጠየቅ የሚያስችለው የፓተንት ትብብር ስምምነት፣ ደንቦች በየጊዜው ይነካካሉ። ለውጦቹን የሚያጸድቀው ጄኔቭ የሚሰበሰበው የአባል አገሮች ጉባኤ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሥራ ላይ የሚውሉት ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ነው። የክፍያ ተመን ግን ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ላይ ይቀየራል። ስለዚህ የዋይፖ (ስምምነቱን የሚያስተዳድረው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ወርኃዊ የፒሲቲ ኒውስሌተር በኢሜይል እንዲደርሳችሁ ተመዝገቡና ግንቦትና ኅዳር መጨረሻ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የአባል አገሮችን ዝርዝርም አብራችሁ እዩ፤ ከአመልካቾቹ ቢያንስ አንዱ የአባል አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን አለበት።

ማስታወቂያው ሲደርሳችሁ ከይዘቱ በፊት የምትፈልጉት "ለየትኞቹ ማመልከቻዎች ይሠራል?" የሚለውን አንቀጽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መለኪያው ዓለም አቀፍ የማስገቢያ ቀን ነው። ኤስቲ 26 የሚባለው የዘረመል ቅደም ተከተል አቀራረብ ግዴታ የሆነው ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለገቡት ብቻ ነው። የድሮውን ደንብ ቅጂ አትጣሉ፤ የቆዩ ፋይሎች ገና ይፈልጉታል።

ለዋይፖ ዓለም አቀፍ ቢሮ በኢፒሲቲ፣ ማለትም በዋይፖ የኢንተርኔት ማመልከቻ ሥርዓት፣ የሚላክ ማመልከቻ ቀን የሚያገኘው በጄኔቭ ሰዓት ነው። ካዛንቺስ ቢሮው ያመሸ ሰው ለሰኔ 24 አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቢልክ፣ ጄኔቭ ገና ጁን 30 ስለሆነ በድሮው ደንብ ይስተናገዳል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን የእኛው ካላንደር ነው። ደንብ 79 ቀን በጎርጎርዮሳዊው እንዲገለጽ ያዛል። ናይሮቢ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 የገባ የመጀመሪያ ማመልከቻ አዲስ አበባ ፋይል ላይ "መስከረም 5 ቀን 2015" ተብሎ ተጻፈ እንበል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን እንዲቆጠርለት የፒሲቲ ማመልከቻ የሚገባበትን የ12 ወር የቀዳሚነት ጊዜ "እስከ መስከረም 5 ቀን 2016" ብሎ የያዘ ሰው አንድ ቀን ያልፍበታል፤ 2015 ጳጉሜ 6 የነበረችው ዓመት ናትና ያ ቀን ሴፕቴምበር 16 ላይ ዋለ። ትክክለኛው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ስለነበር የቅዳሜና እሁድ ማራዘሚያም አያድንም። ጊዜው ካለፈ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ማመልከቻውን አስገብቶ መብቱ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ምክንያት ማስረዳት ይጠይቃል፣ የማይቀበሉትም አገሮች አሉ።

የማመልከቻው ክፍያ ማመልከቻው ከደረሰ በአንድ ወር ውስጥ ይፈጸማል፤ ተመኑ ማመልከቻው በደረሰበት ቀን የነበረው እንጂ የተከፈለበት ቀን አይደለም። ለአንዳንድ አገሮች አመልካቾች የሚሰጠውን የ90 በመቶ የክፍያ ቅናሽ የሚጠይቁ ከሆነ ሁሉም አመልካቾች በየራሳቸው መስፈርቱን ማሟላት አለባቸው። የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ከማስገባታችሁ በፊት ባንክ ጀምሩት፤ ከወሩ ካለፈ ባልተከፈለው ላይ 50 በመቶ የመዘግየት ክፍያ ሊጨመር ይችላል።