የመቅደላ ዘማች ሜዳሊያ ከጨረታ ካታሎግ ሲጠፋ

ችግሩ፦ የእንግሊዝ 33ኛ እግረኛ ሬጅመንት ወታደር የጀግንነት ሜዳሊያ (ዲሲኤም) በአንድ የቆየ ካታሎግ ከአቢሲኒያ ዘመቻ ሜዳሊያ ጋር ተጣምሮ ይታያል። በኋለኞቹ ካታሎጎች ግን በስሙ ሲፈለግ የለም።

ጥፋቱ ከአመዘጋገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ሬጅመንቶቹ በቁጥር መጠራታቸው ስለቀረ፣ አንዱ አዘጋጅ «33ኛ» ሲል ሌላው «የዌሊንግተን መስፍን ሬጅመንት» ይላል። ጥንዱ ከተለያየ ደግሞ ዲሲኤሙ በጀግንነት ክፍል፣ ሌላው በዘመቻ ክፍል ለየብቻ ይሸጣል።

የሠራው መንገድ፦ ስሙን ትቶ በወታደሩ መለያ ቁጥር መፈለግ፣ ከዚያ በሁለቱም የሬጅመንት ስሞች ማጣራት። ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1920 ድረስ በየሬጅመንቱ ይደጋገም ነበር። በስካን የተነበበ ጽሑፍ 3ን 8 ስለሚያደርግ ሁለቱንም መሞከር ያሻል።

ማረጋገጫው ኪው፣ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፦ ለዲሲኤም በመዝገብ ምድብ ደብሊው ኦ (WO) 146፣ ለዘመቻ ሜዳሊያ በደብሊው ኦ 100።

ፎቶ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የአቢሲኒያው 32 ሚሊሜትር ሲሆን የባለቤቱ ስም ከጀርባው መሃል ላይ ጎልቶ ይነበባል (ለዘመቻ ሜዳሊያ እንዲህ መድከም ብርቅ ነው)። ዲሲኤም ላይ ስሙ ያለው ጠርዙ ላይ ስለሆነ የፊትና የጀርባ ፎቶ ምንም አይነግርም፤ የጠርዙን ፎቶ ጠይቆ ጭረትና ጉድፉን ከቀድሞው መግለጫ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።