መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፋይል የማይቀበል የቤት ሰርቨር፦ ችግሩና መፍትሄው

ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ቤታችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር (የጋራ ፋይል ማከማቻ) ሆኖ ቀንና ሌሊት ይሠራል። የቤተሰቡ ፎቶግራፎች፣ የሠርግ ቪዲዮዎችና አባታችን በካሴት ያስቀሯቸው መንዙማዎች ያሉት እሱ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜም የቀረጸውን ወደዚሁ ይልካል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ይደውልልኛል፤ «ሰርቨሩ ተበላሸ መሰለኝ» ይላል። ሰርቨሩ ደህና ነው። የተቀየረው አድራሻው ነው።

እባክዎ ይህን ሳያረጋግጡ የይለፍ ቃል አይቀይሩ፣ ፋየርዎል (የማይፈለግ ግንኙነት የሚያግደውን መከላከያ) አያጥፉ፣ የፋይል መላኪያ ፕሮግራሙንም እንደ አዲስ አይጫኑ። ደህናውን ነገር የምናበላሸው እንዲህ ስንጣደፍ ነው።

ምልክት፦ ትናንት የሠራው ግንኙነት ዛሬ እምቢ አለ

ራውተር (የቤቱን መሣሪያዎች ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ሳጥን) ለየመሣሪያው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ የሚሰጠው ዲኤችሲፒ በተባለው ቁጥር በራሱ የሚያድል አሠራር አማካይነት፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ የያዙት መዝገብ መብራት ሲጠፋ ይጠፋባቸዋል። እኛ ቤት ሰርቨሩ 192.168.1.12 ነበር። አንድ ማለዳ ይህን ቁጥር የእህቴ ስልክ ይዞት አገኘሁ፤ ሰርቨሩ 192.168.1.17 ላይ ነበር። ስለዚህ የድሮው ቁጥር ለፒንግ («አለህ ወይ?» ለሚል የሙከራ ጥያቄ) መልስ ሰጠ ብለው አይመኑ፤ መላሹ ሌላ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ብዙ ጠብቆ ተስፋ ከቆረጠ በቁጥሩ ላይ ማንም የለ ይሆናል። ወዲያው «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ካለ ግን ቁጥሩን ሌላ መሣሪያ ሳይወስደው አልቀረም።

የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ፤ መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር የሰርቨሩን የዛሬ ቁጥር ፈልገው በእሱ ይሞክሩ። ከሠራ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ዘላቂው መፍትሄ በዚያው ገጽ፣ በዲኤችሲፒ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ቁጥር ለሰርቨሩ ማክ አድራሻ (ለኔትወርክ ካርዱ መለያ) ብቻ ማስያዝ ነው። የኬብሉና የዋይፋዩ ማክ አድራሻ የተለያዩ ናቸው። እኔ ሰርቨሩ በኬብል እየሠራ የዋይፋዩን መዝግቤ አንድ ሙሉ ምሽት ለፍቻለሁ። ቁጥሩን ሰርቨሩ ላይ በእጅ መጻፍ ከመረጡ ደግሞ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን፤ በአድራሻው የመጨረሻ ክፍል ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ 20ን ይውሰዱ። ሥራው ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ያልቃል።

ምልክት፦ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ከኮምቦልቻ አይሠራም

ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ራውተሩ ከውጭ የመጣውን ጥያቄ የሚያስተላልፈው ወደ ሰርቨሩ የድሮ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ያስተካክሉት። ሁለተኛ፣ የቤቱ የውጭ አድራሻም ይቀየራል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ለውጡን እየተከተለ የሚታደስ የዳይናሚክ ዲኤንኤስ ስም ነው። በራውተሩ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ ግን አንዱን አድራሻ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል፤ ፖርት (ከውጭ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባ የግንኙነት በር) መክፈት አይጠቅምም። እንደ ቴይልስኬል ያለ፣ ከውስጥ ተነሥቶ የሚገናኝ መንገድ ይጠቀሙ።

ምልክት፦ ኤፍቲፒ (የቆየ የፋይል መላኪያ ዘዴ) ያስገባል፣ የፋይሎቹ ዝርዝር ግን አይመጣም

ሰርቨሩ ለዝርዝሩና ለፋይሎቹ ማስተላለፊያ የሚነግረው የድሮውን የውጭ አድራሻ ሊሆን ይችላል። በቅንብሩ ውስጥ ያርሙት። የእኔ ምክር ግን ኤስኤፍቲፒ ወደተባለው ሌላ የፋይል መላኪያ ዘዴ መዞር ነው፤ አንድ ፖርት ብቻ ይበቃዋል፣ የሚያልፈውንም ይመሰጥራል።

ኤስኤፍቲፒ «የሰርቨሩ ቁልፍ (ሰርቨሩ የሚታወቅበት መለያ) ተቀይሯል» ብሎ ካስጠነቀቀ በችኮላ አይቀበሉ። በዚያ ቁጥር ላይ ሌላ ማሽን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የቁልፉን አሻራ (አጭር መለያውን) ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር አስተያይተው ብቻ የድሮውን ይሰርዙ።

በመሃል የተቋረጠውን ቪዲዮ ከመጀመሪያው መላክ አያስፈልግም፤ አርሲንክ የተባለው የፋይል መቅጃ ፕሮግራም ከፊሉን እንዲያስቀምጥ ከታዘዘ ካቆመበት ይቀጥላል። ወንድሜ ዋናውን ከካሜራው ካርድ የሚያጠፋው የሁለቱን ፋይሎች መጠን በባይት አስተያይቶ፣ የደረሰውንም እስከ መጨረሻው አጫውቶ ካየ በኋላ ነው።