ኤክስፕረስ ላይ የኤረር መያዣው ለምን አይጠራም?

ኤክስፕረስ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው ፕሮግራም) የድረ ገጽ ሰርቨር መሥሪያ ነው። እዚያ ላይ ኤረር መያዝ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከራውቶቹ (ለየአድራሻው መልስ ከሚሰጡት ፈንክሽኖች) ሁሉ በታች አንድ የኤረር መያዣ ሚድልዌር፣ ማለትም ሪኩዌስቱ በመንገዱ ላይ የሚያልፍበት ፈንክሽን፣ ታስቀምጣላችሁ፤ የትም የተነሳ ያልታሰበ ኤረር እዚያ ይደርሳል። ችግሩ ብዙ ጊዜ አለመድረሱ ነው። ስለዚህ ከመያዣው ኮድ ጋር ከመታገላችሁ በፊት ኤረሩ በየት በኩል እንደሄደ እዩ። የመያዣው የመጀመሪያ መስመር ላይ አንድ ሎግ ጻፉና ሆን ብላችሁ ኤረር አስነሱ። ሎጉ ከታየ ችግሩ መያዣው ውስጥ ነው። ካልታየ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

መያዣው ጭራሽ አይጠራም

መጀመሪያ ቦታውን እዩ። ኤክስፕረስ ሚድልዌሮችን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው የሚያልፋቸው። መያዣው ከራውቶቹ በላይ ከሆነ፣ ከታች የተነሳ ኤረር ወደ ላይ አይመለስለትም። ወደ መጨረሻ አውርዱት፣ አለቀ።

ቦታው ትክክል ከሆነ አርጉመንቶቹን ቁጠሩ። ኤክስፕረስ የኤረር መያዣን የሚለየው በስሙ አይደለም። 4 አርጉመንት መቀበሉን አይቶ ነው፦ ኤረሩ፣ ሪኩዌስቱ፣ ሪስፖንሱና ኔክስት (ወደ ቀጣዩ ሚድልዌር የሚያሳልፈው ፈንክሽን)። እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት የበላኝ ይሄ ነው። ኔክስትን የትም ስላልተጠቀምኩበት ሊንተሩ (ኮድ ውስጥ ስህተት የሚጠቁመው መሣሪያ) ትርፍ ነው አለኝ፤ እኔም አጠፋሁት። 3 ብቻ ሲቀሩ ኤክስፕረስ እንደ ተራ ሚድልዌር ቆጠረው። ኤረር ሲነሳ ዘሎት ያልፋል። የሌለ አድራሻ ሲጠራ ግን ይሠራል፤ ያውም ሪስፖንስ ባልኩት ቦታ ኔክስት ገብቶ። እናም የሌለ ገጽ ስትከፍቱ «ስታተስ ፈንክሽን አይደለም» የሚል መልእክት ከመጣ ሌላ ቦታ አትድከሙ። 4ኛውን መልሱና ሊንተሩን ለዚያች መስመር ብቻ ዝም አሰኙት። ለአርጉመንቱ ነባሪ ዋጋም አትስጡት፤ ጃቫስክሪፕት ሲቆጥር ይተወዋል።

ገጹ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ወይም ሰርቨሩ ይወድቃል

ይህ የኤክስፕረስ 4 ዋና በሽታ ነው። አሲንክ የሆነ (ውጤቱን ቆይቶ የሚያገኝ) ራውት ዳታቤዝ ሲጠራ ኤረር ቢነሳበት ኤክስፕረስ 4 አያየውም። ፕሮሚሱ (ቆይቶ የሚመጣውን ውጤት የሚወክለው ነገር) ይከሽፋል፣ የሚቀበለው ግን የለም። ከኖድ 15 በፊት ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይወጣና ተጠቃሚው መልስ እንደጠበቀ ይቀራል። ከ15 ወዲህ ፕሮሰሱ በሙሉ ይሞታል። የአንድ ሰው ኤረር በዚያች ቅጽበት ሲጠቀሙ የነበሩትን ሁሉ ያቋርጣል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ክፍያ ጀምሮ የነበረ ሰው ሊኖር ይችላላ።

በ2024 የወጣው ኤክስፕረስ 5 የከሸፈን ፕሮሚስ ራሱ ወደ መያዣው ያስተላልፋል። መሻገር ከቻላችሁ ተሻገሩ። ካልቻላችሁ እያንዳንዱን ራውት የሚጠቀልል ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ፤ የፕሮሚሱ ካች (ሲከሽፍ የሚጠራው) ኤረሩን ለኔክስት ያቀብል። በየራውቱ ትራይ ካች መደርደርም ይሠራል፤ አንዱን መርሳት ግን አይቀርም።

ኤክስፕረስ 5 ላይ ሆናችሁም ኤረሩ ከጠፋ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የተረሳ አዌይት (ፕሮሚሱ እስኪጨርስ ጠብቅ የሚለው ቃል) ነው። ኢሜይል የሚልከውን ፈንክሽን ያለ አዌይት ከጠራችሁት ራውቱ ጨርሶ ይወጣል፣ ፕሮሚሱ ብቻውን ይቀራል። ሴት ታይምአውት (ሥራን ለኋላ የሚያቆየው ፈንክሽን) ውስጥ የተወረወረ ኤረርም ያው ነው። እዚያው ያዙትና ለኔክስት ስጡት።

ከዚህ ሁሉ አምልጦ ፕሮሰሱ ጋ የደረሰ ኤረር ካለ፣ ሎግ አድርጎ መውጣት ይሻላል። እንደ ፒኤም2 ወይም ሲስተምዲ ያለ የፕሮሰስ ጠባቂ መልሶ ያስነሳዋል። ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠልን አልመክርም፤ ፕሮግራሙ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ኤረር አለ፣ ሞኒተሩ ግን ሰላም ነው ይላል

መያዣው ስታተስ (የመልሱን ውጤት የሚናገረውን ቁጥር) ሳያስቀምጥ ጄሰን ልኳል። ያኔ የሚሄደው 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ነው። ኤረሩ የራሱ ስታተስ ካለው እሱን፣ ከሌለው 500 (የሰርቨር ስህተት) አስቀምጡ። 404 (ገጹ የለም) ግን እዚህ አይመጣም። የሌለ ገጽ ለኤክስፕረስ ኤረር አይደለም። ከራውቶቹ በታች፣ ከመያዣው በላይ ሌላ ተራ ሚድልዌር ይፈልጋል።

«ሄደሮቹ ቀድመው ተልከዋል»

መልሱ መሄድ ከጀመረ በኋላ ኤረር ተነስቷል፤ ለምሳሌ ትልቅ ፋይል እየተላከ ሳለ። መያዣው ሁለተኛ መልስ ሊልክ ሲሞክር ይሄ ይመጣል። ሄደር (ከመልሱ ቀድሞ የሚሄደው መረጃ) ተልኮ እንደሆነ አስቀድሞ ይፈትሽ። ከተላከ ኤረሩን ለኔክስት ይስጠው፤ የኤክስፕረስ የራሱ መያዣ ግንኙነቱን ይዘጋዋል።

ተጠቃሚው ስክሪን ላይ የዳታቤዝ ቴብል ስም ይታያል

የኤረሩ መልእክት እንዳለ ተልኳል ማለት ነው። የራሳችሁ መያዣ ከሌለ ደግሞ ኖድ ኢንቭ የሚባለው ቫሪያብል ፕሮዳክሽን መባሉን አረጋግጡ፤ ካልተባለ ኤክስፕረስ የኮዱን መስመሮች ሳይቀር ያሳያል። ለሰርጎ ገቦች ካርታ እንደማቀበል ነው። መያዣ ከጻፋችሁ ሙሉው ዝርዝር ሎግ ውስጥ ይግባ። ለተጠቃሚው «ይቅርታ፣ አልተሳካም» የሚል አጭር ቃልና አንድ መለያ ቁጥር ይበቃዋል። ያው ቁጥር ሎጉ ላይም ይኑር። ሰውየው ሲደውል ቁጥሩን ያነብላችኋል፤ እናንተም ሎጉ ውስጥ በቀጥታ ታገኙታላችሁ።