ኤርፖድ ያለ ስልክ ሪሴት ለማድረግ

ኤርፖዳችሁ አዲስ ስልክ ላይ አልገናኝ ካለ ወይ አንዱ ጆሮ ብቻ እየሰራ ካስቸገራችሁ፣ የድሮው ስልክ ቢጠፋም ቢሸጥም ችግር የለውም፣ ኬዙ ብቻ ይበቃል። ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ አስገቡና ክዳኑን ዘግታችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ከዛ ክዳኑን ክፈቱና ከኬዙ ጀርባ ያለችውን ክብ ቁልፍ (ቀለሟ ከኬዙ ጋር አንድ ስለሆነ በጣት ዳብሳችሁ ፈልጓት) 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ መብራቷ ነጭ ብልጭ ስትል ጨረስኩ ብሎ ይለቃል፣ እሱ ግን ገና ፔሪንግ (ከስልክ ጋር ለመገናኘት መዘጋጀት) ብቻ ነው፣ ብርቱካናማ ብልጭ ብላ እንደገና ወደ ነጭ እስክትመለስ ድረስ ጣታችሁን አታንሱ።

የሚሰራበት ምክንያት ብሉቱዝ ሲገናኝ ስልኩም ኤርፖዱም እየራሳቸው የሚስጥር ቁልፍ ስለሚያስቀምጡ ነው፣ ስልኩ ላይ ብቻ ስታጠፉት ኤርፖዱ ውስጥ ያለው እዛው ይቀራል፣ ሪሴቱ እሱን ያጠፋዋል።

ኤርፖድ 4 እና ፕሮ 3 ላይ ቁልፏ የለችም፣ እነሱ የኬዙን ፊት ደጋግሞ በመንካት ነው ሪሴት የሚደረጉት። ሌላ ብራንድ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ኬዙ ውስጥ እንዳለ የሁለቱንም መንኪያ ቦታ ወይም የኬዙን ቁልፍ ይዞ መቆየት ነው፣ ሰከንዱ ግን ይለያያል።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ ልብ በሉ፣ ሪሴት የድሮውን ባለቤት አፕል አይዲ አያላቅቅም። ያገለገለ ከገዛችሁ ብር ሳትከፍሉ በፊት ሻጩ እዛው ፊታችሁ ከፋይንድ ማይ (የአፕል ዕቃ መፈለጊያ አፕ) ላይ ያውጣላችሁ።